የገና ቅርጫ ማስታወሻ፦ ዘንድሮ 21ዱም ቤት ዕጣ አለው

ኅዳር 15፣ 2018፣ ሰኞ

ጾመ ነቢያት ዛሬ ገባ። እስከ ገና ድረስ ከሥጋና ከወተት እንርቃለን። እኔ ግን ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ስለ ገና ቅርጫ ነው። ዘንድሮ በሰፈራችን ቅርጫውን በሌላ መንገድ ልንሞክረው አስበናል። የምንሠራውን በየጊዜው እዚህ እጽፋለሁ። ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ሐሳቡን ወስዶ ቢጠቀምበት ደስ ይለኛል።

ሰፈራችን ኮተቤ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ባለው መንገዳችን ላይ 23 ቤት አለ። 21ዱ ክርስቲያን፣ 2ቱ ሙስሊም ናቸው። እድራችን አንድ ነው። ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑም ወንበሩም የሁላችንም ነው፣ ማንም ተለይቶ አይቀርም። ገና ሲመጣ ግን እንለያያለን። አምና ቅርጫ የገቡት 14 ቤቶች ናቸው። ለአንድ መደብ 7,500 ብር ነበር። የቀሩት 7 ቤቶች ይህን ማውጣት አልቻሉም።

ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ ተነሥቶ፣ በፌስታል ተደርጎ ለሰባቱ ቤት ተልኳል። ያደረሱት ልጆቻችን ናቸው። የጉልቷ እማማ በሩን ገርበብ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ተቀብለው ወዲያው ዘጉት። ልጄ ተመልሳ መጥታ "አባዬ፣ እማማ ምነው ደስ አላላቸውም?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ዓመቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም።

እማማ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ደርድረው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ሦስት ልጅ ያሳደጉት በዚያ ጉልት ነው። ለምነው አያውቁም። በገና ዕለት ግን ሳይጠይቁ ተመጽዋች አደረግናቸው። ሥጋው ጥሩ ሥጋ ነበር። የተሰጠበት መንገድ ነው ከጎረቤቶቻቸው በታች ያስቀመጣቸው።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ማርያም ነው ዛሬ። ከቅዳሴ መልስ እድሩ ተሰበሰበና ሐሳቡን አቀረብኩ። ባጭሩ እንዲህ ነው። ቅርጫው ውስጥ 21ዱም ቤት ይገባል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ባዶ ፖስታ ይታደላል። ስም አይጻፍበትም። እያንዳንዱ ቤት የቻለውን ከትቶ፣ አሽጎ፣ በእድሩ ሳጥን ይጥላል። የቻለ 10,000፣ ያልቻለ 100 ብር። ባዶውን ቢጥለውም ማንም አያውቅም። በተገኘው ብር በሬ ይገዛል፣ መደቡ 21 ይሆናል፣ ዕጣ ይወጣል።

ክርክሩ ረጅም ነበር። ታክሲ የሚሠራው ጎረቤታችን "እኔ 8,000 ከትቼ ሌላው 50 ብር ከትቶ እኩል መደብ ሊያነሣ ነው?" አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብሩን የሚያገኘው በላቡ ነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ነው ከቤት የሚወጣው። ሌላዋ ደግሞ "ሁሉም ሰው 50 ብር ቢከትስ? በሬ ቀርቶ በግ አንገዛም" አለች። ይህም እውነተኛ ስጋት ነው። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከመሞከር በቀር መልስ ያለውም አይመስለኝም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሰጡት የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ጡረተኛ ወታደር ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሻምበል ነው የሚላቸው።

"ድንኳኑን ስንገዛ ማን ስንት እንዳዋጣ ታስታውሳለህ?" አሉት።

"ኧረ አላስታውስም።"

"ታዲያ አባትህ ያረፉ ጊዜ ሥሩ የተቀመጠውን ሰው ስንት ከፍለሃል ብለህ ጠየቅህ?"

ሰውየው ትንሽ ዝም አለና "እሺ ሻምበል፣ አንድ ዓመት እንየው" አለ።

አንድ አዛውንት ከጥግ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው ሳቁ። በልጅነታቸው አገር ቤት ገና ሲጫወቱ ያዩትን አወሩልን። ባላባቱም እረኛውም እኩል ሜዳ ወርዶ ሩር ይመታል። ጌታው በሎሌው ዱላ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታ እንኳ መቆጣት አይፈቀድለትም። ያ ቀን የዚያ ቀን ነው። እኔ ይህን ተረት ሁልጊዜ የምሰማው ለጨዋታ ሲነገር ነው። ዛሬ ግን ቁም ነገር ሆኖ ተሰማኝ። በዓሉ ራሱ ማዕረግን ለአንድ ቀን የሚያወርድ ነገር ነበረው።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ፖስታው ተገዛ፣ ታደለ። ቡናማው፣ ወፈር ያለው ዓይነት ነው፤ በመብራት ቢያዩት ውስጡ አይታይም። ሳጥኑ ሻምበል ቤት በረንዳው ላይ ነው የተቀመጠው። ሳሎን ይሁን ያለ ነበር። ሳሎን ከሆነ ግን ሰው ገብቶ ሲከት ይታያል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ወሬ ይነሣል። በረንዳ ላይ ሲሆን በማታም ቢሆን ጣል አድርጎ መሄድ ይቻላል። ቁልፉ አንዱ ሻምበል ጋ፣ አንዱ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ጋ ነው። ሁለቱም ካልተገናኙ አይከፈትም።

ጊዜውን እስከ ታኅሣሥ 11 አደረግነው። ይህ ነገር ትልቅ ቦታ አለው። ደመወዝተኛ አንድ ቀን ከትቶ ይገላገላል። የቀን ሠራተኛና ጉልት የሚሠራ ሰው ግን ከየዕለቱ 10 ብርም 20 ብርም እያነሣ ነው የሚያጠራቅመው። በሦስት ቀን አምጡ ብንል ኖሮ አቅሙን ሳይሆን የዚያን ሳምንት ኪሱን ነበር የምንለካው።

ሌላም ነገር ተስማምተናል። ፎቶ አይነሣም። ቅርጫው ላይ እየሳቅን ራሳችንን ብናነሣ ችግር የለም። መደብ ሲታደል፣ ሰው ሲቀበል ግን ስልክ አይወጣም። በየበዓሉ አንድ ሊትር ዘይት ይዘው ከካሜራ ፊት እንዲቆሙ የሚደረጉ እናቶችን ሳይ ያመኛል። በወንጌል ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ተብሏል። እኛ ለግራ እጃችን ብቻ ሳይሆን ለማናውቀው ሰው ሁሉ ካላሳየን ያደረግነው አይመስለንም።

ሁለቱ ሙስሊም ቤቶችስ? አንዱ የሐጂ ነው፣ የሰፈሩ ባለሱቅ። ሌላው ቆሎ እየሸጡ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት። እኛ የምናርደውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ የሚያርዱትን እኛ አንበላም። ይህን ሁላችንም አክብረን የኖርንበት ነው። ሐጂን ሳማክራቸው "የእሷን ሥጋ ለኔ ተዉት፣ በኔ እጅ ይታረዳል። ከበዓሉ ግን አታውጧት" አሉኝ። እንዴት እንደማናወጣቸው ገና እያሰብን ነው።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ሳጥኑ ዛሬ ተከፈተ። ሻምበል፣ ገንዘብ ያዧና እኔ ነን የቆጠርነው። ፖስታዎቹን መጀመሪያ ሁሉንም ከፍተን ባዶ አደረግናቸውና ቀደድናቸው። ብሩን አንድ ላይ ቀላቀልነው። ከዚያ ነው ቆጠራ የጀመርነው።

ግን ዓይን ያያል። አንዱ ውስጥ ከባንክ እንደወጣ ያለ የ200 ብር እስር አለ። አንዱ ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ የ10 ብር ኖቶች አሉ፣ ብዙ ጊዜ ታጥፈው የተዘረጉ። ከአንዱ ፖስታ ብር ብቻ አልነበረም የወጣው። "እግዚአብሔር ይጨምርበት" የሚል ቁራጭ ወረቀት አለበት። የማን እንደሆነ አላውቅም። ጽሕፈቱን ለይቼ እንዳላውቀው ወዲያው አጠፍኩት።

ባዶ ፖስታ አንድም አልነበረም። 21ዱም ውስጥ ብር አለ።

ድምሩ 117,350 ብር ሆነ። ሻምበል ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። እኛ በሬው ከነወጪው ከ125,000 አያንስም ብለን ገምተን ነበር። ቢሆንም ገንዘብ ያዧ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ጉሮሮዬን ያዘኝ። ያ "ሁሉም 50 ብር ቢከትስ" የሚለው ስጋት ከዚህ በኋላ አይነሣም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

የጎደለውን ምን እናድርግ? ሁለት ሐሳብ ነበር። አንደኛው፣ ያሉትን ሀብታም ሦስት ቤቶች ሄዶ ማናገር። ሁለተኛው፣ ባለን ብር አነስ ያለ በሬ ገዝቶ ለሁሉም መደቡን ማሳነስ። የመጀመሪያው ቀላል ነበር፣ እነሱም እሺ ይሉ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ በሬው የሦስቱ ቤቶች ይሆናል። ሁለተኛውን መረጥን። ሻምበል ብቻ አንድ ነገር ጨመሩ። "ሳጥኑን ለአምስት ቀን እንደገና በረንዳው ላይ አስቀምጣለሁ። ማንንም አልጠይቅም። ድምሩን ብቻ በወረቀት ጽፌ እለጥፍበታለሁ።"

ታኅሣሥ 17፣ ዐርብ

ሳጥኑ ውስጥ 7,400 ብር ተገኘ። ጠቅላላው 124,750 ሆነ። ሐጂ ደግሞ ሱቃቸው ስሄድ 5,000 ብር አውጥተው "ይቺ ለበሬው አይደለችም፣ ለሽንኩርቱ ናት" ብለው ሰጡኝ። ስለ ሽንኩርቱ በኋላ እጽፋለሁ። ነገ ካራ ከብት ገበያ ነን።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ካራ የከብት ገበያ ለሰፈራችን ቅርብ ነው። በሬ የሚገዛው በዓሉ ሲቀርብ ነው የሚል ሰው አለ። እኔ አልስማማም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ገበያው ሁሉ በችኮላ ስለሚሞላ ሻጩ ልቡ ያብጣል። ማሰሪያ ቦታ ያለው ሰው ቀደም ብሎ ቢገዛ ይሻለዋል። እኛ የታክሲ ሹፌሩ ግቢ ሰፊ ነው። ራሱ ነው "እኔ ጋ ይታሰር" ያለው፣ ያ በእድሩ ስብሰባ ላይ የተከራከረው ሰውዬ።

አብሮን የመጣው ጎረቤታችን የእንስሳት ሐኪም ነው። ከሱ ጋር ገበያ መውጣት ትምህርት ነው። እኔ የማየው ቀንዱንና ቁመቱን ነበር። እሱ ከኋላ ነው የሚጀምረው። ጭኑ ሞልቷል ወይ? ወገቡ ጠፍጣፋ ነው ወይስ አከርካሪው ሾሏል? ሻኛው ሲነኩት ጠጠር ይላል ወይስ ይንጠለጠላል? ከዚያ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ አረማመዱን። አፍንጫው እርጥብ መሆን አለበት። የሚያነክስ፣ የሚያስል፣ ጆሮውን የጣለ በሬ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይገዛም።

ሆዱ ተነፍቶ ያማረ አንድ ቀይ በሬ ዓይናችን ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ጎኑን መታ መታ አደረገና "ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው" አለን። ጨው አልሰው ብዙ ውሃ ያጠጡታል፣ ሆዱ ይነፋና የወፈረ ይመስላል። ሲታረድ ውሃው ይወርዳል፣ ገዢው አጥንት ይዞ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

የተስማማነው በአንድ ዳለቻ በሬ ነው። ሻጩ ገበሬ ናቸው፣ የመጡት ከሸኖ በኩል ነው። አፉን ከፍተን ጥርሱን አየን። ሐኪሙ ወደ 4 ዓመት ይሆነዋል አለ። እርሻ ላይ ብዙ ያልቆየ ስለሆነ ሥጋው አይጠነክርም። የጠሩት 150,000 ነው። እኛ 100,000 አልን። ደላላው በመሀል እጅ ያገናኛል፣ ይለያያል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። 120,000 ላይ ቆመ። ሻምበል ለገበሬው የቅርጫውን ነገር ነገሯቸው። ይህን የነገሯቸው ዋጋ ለማስቀነስ ብለው አይመስለኝም፣ ሰውየው "የስንት ሰው ነው?" ብለው ስለጠየቁ ነው። ገበሬው ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው የኔም እጅ ይግባበት" ብለው 116,000 ላይ ለቀቁልን። በሬውን ሲያስረክቡ ጀርባውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው "ውሃ አትንሡት" አሉን።

ለደላላ 1,500፣ ለነዱልን ልጆች 1,200 ከፈልን።

ታኅሣሥ 21

በሬው ደህና ነው። ጭድና ፉርሽካ ነው የሚበላው፣ 2,400 ብር ወጥቶበታል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሄዱት እሱ ጋ ነው። ከሰባቱ ቤት የአንዱ ልጅ ለእኩዮቹ "የኛ በሬ" ሲል ሰማሁት። አምና ይህን ማለት አይችልም ነበር።

ታኅሣሥ 24፣ ዐርብ

አሁን ስለ ሽንኩርቱ። ይህን ያነሣችው ባለቤቴ ናት። "ሥጋ ሰጣችኋቸው እንበል። በምን ይሠሩታል?" አለችኝ። የበዓል ወጥ ማለት ግማሹ ሽንኩርት ነው። ዘይት አለ፣ በርበሬ አለ፣ ቅቤ አለ፣ ከሰል አለ። እነዚህ ሁሉ በበዓል ሰሞን ይወደዳሉ። ሥጋ ደርሶት ማብሰያ ያጣ ቤት በዓል አልዋለም። ለማኅበርም፣ ለመሥሪያ ቤትም፣ ለማንም በጎ አድራጊ ይህን ብነግር ደስ ይለኛል። ስጦታው ድስት ውስጥ እስኪገባ ድረስ አልተጠናቀቀም።

በሐጂ 5,000 ብር 44 ኪሎ ሽንኩርት በ70 ብር ሒሳብ ተገዛ። 3,080 ብር ነው። በቀረው ሁለት ማዳበሪያ ከሰል መጣ። ለ21ዱም ቤትና ቆሎ ለሚሸጡት እናት እኩል ሁለት ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ከሰሉም እኩል ተከፈለ። ለተቸገረ ብቻ ይሰጥ ያለ ሰው ነበር። ለተቸገረ ብቻ ከሰጠን ፖስታው ምን ጥቅም ነበረው? የተረፈው ሰው ሁለት ኪሎ ሽንኩርት መቀበሉ ነው ሌላውን ከሐፍረት የሚያድነው። ለመቀበልም ትሕትና ያስፈልጋል፣ ያለው ሰው ደግሞ መቀበል አልለመደም።

አልጋ ላይ ያሉት አባባ ጉዳይም ተነሥቷል። ብቻቸውን ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ማታ ማታ ነው የሚመጣው። ጥርስ የላቸውም፣ ሐኪም ጨውና በርበሬ ከልክሏቸዋል። ለሳቸው ጥሬ ሥጋ በፌስታል ማድረስ ምን ያደርጋል? ሁለት ሴቶች የአባባን መደብ ተቀብለው ምንቸት አብሽ አልጫ ሊሠሩላቸው ተስማምተዋል። ሥጋው በደንብ ይከተከታል፣ ይለሰልሳል። ወጣቶቹ ደግሞ ዋዜማው ላይ ገላቸውን ሊያጥቧቸው፣ ፀጉራቸውን ሊያስተካክሉና አንሶላቸውን ሊቀይሩ ነው። ይህን ያሰበው ፀጉር ቤት የሚሠራው ልጅ ነው። እኔ ገንዘብና ሥጋ ብቻ ነበር የታየኝ።

ላሊበላ ትዝ አለኝ። እዚያ ልደት የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ሆኖ ነው የሚከበረው። አገሬው ከሩቅ በእግሩ ተጉዞ የመጣውን እንግዳ እግሩን ያጥባል፣ ይመግባል፣ ያሳድራል። ማን ነህ፣ ከየት ነህ ብሎ መዝገብ አይዝም። ማርያም ልጇን በግርግም ያስተኛችው በእንግዶች ማረፊያ ቦታ ስለጠፋ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በልደት ቀን በሩን እንዴት ይዘጋል? የላሊበላ ሰዎች ታሪኩን በእጃቸው የሚመልሱት ይመስለኛል። የኛም ሰፈር ግርግም አያጣም። አባባ የተኙባት ክፍል ከሻምበል ቤት ሁለት አጥር ብቻ ነው የምትርቀው።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ገሃድ ነው። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ስለዋለ "ነገ ይፈሰካል ወይ?" የሚል ጥያቄ በየቤቱ አለ። ይፈሰካል። ልደት ረቡዕ ወይም ዐርብ ሲውል የዚያን ቀን አይጾምም፣ ዋዜማው ነው የሚጾመው።

በሬው ከትናንት ማታ ጀምሮ መኖ አልተሰጠውም፣ ውሃ ብቻ። ሆዱ ሲጎድል ለማረድም ለመግፈፍም ይቀላል፣ ሥጋውም ንጹሕ ይሆናል። ቢላዎቹ ተስለዋል። የኮባ ቅጠል ከሁለት ግቢ ተቆርጦ ታጥቧል። ውሃ በጀሪካን ተሞልቷል፣ በበዓል ቀን ቧንቧ አይታመንም። አባባ ታጥበው፣ ተላጭተው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሄጄ አየኋቸው። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ መረቁኝ። ምርቃቱ የሚገባው ለፀጉር ቤቱ ልጅ ስለሆነ ጠርቼ አስመረቅሁት።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነው። ቅዳሴው ሌሊት ነው የሚያልቀው።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ገና

እንኳን አደረሳችሁ። አሁን ማታ ነው፣ እጄ ቢደክምም ዛሬውኑ ልጽፈው።

ጎህ ሲቀድ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። አራጁ በሬውን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ አረደ። 3,000 ብር ነው የተስማማነው። ድሮ ቆዳው ተሽጦ የአራጅ ይሸፈን ነበር። አሁን ቆዳ የሚገዛ ጠፍቷል፣ ብዙ ቦታ ሜዳ ላይ ይጣላል። የኛን አንዱ ወጣት ጨው ነስንሶ ወስዶታል፣ ለመቀመጫ ሊያደርገው ነው።

ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ጉበቱን፣ ሳምባውን፣ ልቡንና ምላሱን አየ። ጉበቱ ላይ ቁስል፣ ልቡና ምላሱ ላይ የኮሶ ትል የሚያድርበት ሩዝ የሚያክል ነጭ ነገር እንዳለ ነው የሚፈልገው። ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ መረመረ። "ንጹሕ ነው" ሲል እልል ተባለ። ቢሆንም ጥሬውን ከመብላት በደንብ የበሰለው ይሻላል ብሎ መክሮናል። ሁሉም ሰው እንዳልሰማው የታወቀ ነው።

ከዚያ መደብ ማውጣት። ይህ ሥራ የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይደለድላል፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው ይዳኛሉ። 21 ቦታ ኮባ ተዘረጋ። ከየብልቱ ለሁሉም መድረስ አለበት። ከሻኛው፣ ከታላቁ፣ ከታናሹ፣ ከሽንጡ፣ ከጎድኑ፣ ከወርቹ፣ ከፍሪምባው። ጉበትና ጨጓራውም በትንሽ በትንሹ ተከፈለ። "ከዚህ ቀንስ፣ እዚያ ጨምር፣ እቺ አጥንት በዝቶባታል" እየተባለ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በሚዛን ስናየው አንዱ መደብ ከነአጥንቱ ወደ 7 ኪሎ መጣ። ብዙ የከተተውም ሰው ቢሆን ሥጋ ቤት ሄዶ በብሩ ከሚገዛው ያን ያህል አልራቀም።

ከዚያ ዕጣው። ልማዱ ከጥንት ያለ ነው፣ እኛ የጨመርንበት ነገር የለም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት ይሰጣል። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የቡና ፍሬ፣ አንዱ የልብስ ቁልፍ። ሁሉም በአንድ ባርኔጣ ይገባል። ምልክት ሲሰበሰብ ያላየ ሰው ይጠራል። በመንገድ ሲያልፍ የነበረ የሌላ ሰፈር ልጅ ለምነን አስገባነው። እሱ ከባርኔጣው አንድ በአንድ እያወጣ በየመደቡ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ሰው ምልክቱን ፈልጎ መደቡ ፊት ቆመ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። ዕጣ የከፈለውን አይጠይቅም። ቅልጥሙ ለሁሉም አይደርስምና የሚያገኘው ዕድለኛ ነው። የጉልቷ እማማ ምልክታቸው ትንሽ የብረት ቀለበት ነበረች። ቅልጥም ካለባቸው መደቦች አንዱ ላይ አረፈች። ታክሲ ሹፌሩ "እማማ፣ ቅልጥሙን ወሰዱት አይደል!" አላቸው።

"ዕጣዬ ነዋ!" አሉት፣ ሳቅ ብለው። ነጠላቸውን አደግድገው ሥጋቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ። ልጆች እንያዝልዎ ቢሏቸው እንቢ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው በመንገዱ መሀል ሄዱ።

ጉበትና ጨጓራ በላን፣ ዱለት ተሠራ፣ ጠላ ተቀዳ። የአባባ ምንቸት አብሽ በምሳ ሰዓት ደረሰ። ሴቶቹ አድርሰው አልተመለሱም። ቁጭ ብለው አጎረሷቸው፣ አብረዋቸው በሉ። የሐጂ ልጅ ለቆሎዋ እናት ዶሮ አርዶ አድርሷል። ከሰዓት በኋላ የበዓሉ ቡና የተፈላው እሳቸው ግቢ ነው። እሳቸው ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት። "ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና ከሰል ደርሶኛል፣ ቡናና ቆሎ ከኔ" ብለው። ፈንዲሻው፣ ድፎ ዳቦው ከየቤቱ መጣ። ሦስተኛው ሲቀዳ ግቢው መቀመጫ አልነበረውም።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ሒሳቡ በሻምበል እጅ ተጽፎ በረንዳው ላይ ተለጥፏል። ገቢ 124,750። ወጪ፦ በሬ 116,000፣ ደላላ 1,500፣ መንጃ 1,200፣ መኖ 2,400፣ አራጅ 3,000። ድምር 124,100። ቀሪ 650 ብር። ቀሪው የአባባን መድኃኒት እንዲያግዝ ተስማምተናል።

ግቢው ታጥቧል። የተረፈው ኮባና ፈርስ ተጠርጎ ጓሮ ተቀብሯል። ይህንም የሠሩት ከ21ዱም ቤት የመጡ ልጆች ናቸው።

ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። ሻምበል ፖስታው የካቲት መጀመሪያ ላይ ቢታደል ይሻላል ብለዋል፣ በሁዳዴ ሁሉ እየተጠራቀመ ይቆያል። ታክሲ ሹፌሩ ደግሞ በሬው ከአሁኑ ተገዝቶ እሱ ግቢ ቢቀለብ ዋጋው ይረክሳል ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ የመኖውን ወጪ ግን ማስላት አለብን። እሑድ ሐኪሙን ይዘን እንነጋገርበታለን።